ጨዋዎቹ ዓሦች

ጥር 8

ለእትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። ባለፈው ስልኩን ጆሮሽ ላይ ስለዘጋሁት ይቅርታ። አንቺም ከዚያ በፊት ዘግተሽብኝ ነበርና ተካክሰናል። እማዬ «በስልክ ከምትናከሱ ተጻጻፉ፤ ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም» ስላለች ይኸው ጻፍኩ። ፖስታውን የአውቶቡሱ ሹፌር ያደርስልሻል።

ስለ ሥራዬ ለጠየቅሽው፣ ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ካቦ ሆኛለሁ። የመኖ በታኞቹ ሁሉ አለቃ እኔ ነኝ። ምክንያቱን ብትሰሚ ትስቂያለሽ፤ ዓሦቹ ጨዋ ሆኑ። እንደምታውቂው ሐይቁ ውስጥ ዓሣ የምናረባባቸው መረቦች ላይ መኖ ስንጥል ውሃው እንደ ተጣደ ድስት ይፈላ ነበር። ይጋፋሉ፣ ይናከሳሉ፣ ትልልቆቹ የትንንሾቹን ክንፍ ይገነጥላሉ። እኔ መኖውን በአካፋ መወርወር ትቼ በእጄ፣ ቀስ ብዬ፣ ሰፋ አድርጌ መበተን ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ ረጉ። አሁን እያንዳንዱ የራሱን ቦታ ይዞ ይጠብቃል። ግፊያ የለ፣ ንክሻ የለ። ሥራ አስኪያጁ እንግዳ በመጣ ቁጥር በጀልባ ጭኖ ያመጣና «ዓሣ ያስተማረው ሰው ይኸውላችሁ» ይላል። እኔም እንደማፍር ሆኜ ወደ ውሃው አያለሁ።

ሐይቁ እንደ ወትሮው በሙቀቱ አረንጓዴ ለብሷል። ዘንድሮ ወፈር ብሏል፤ ጀልባዋ ስታልፍ እንደ ቀለም ይከፈልና መልሶ ይገጥማል። የሚያጉረመርመው ወፍ አባራሪያችን ጋሽ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ቆርቆሮውን ቢቀጠቅጥ ቢቀጠቅጥ ወፎቹ ከመረቡ አካባቢ አልሄድ አሉት። «ጠግበው ሊሞቱ ነው፤ ቀጥሎ ቤት ይሠራሉ» ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ ክንዱ ደክሞ ነው።

ሌላው፣ ከመረቦቻችን አጠገብ የሚሳበው አዲሱ የውሃ መስመር ወደ ሰፈራችን ሊለቀቅ ነው። ቦኖው በራችን ፊት ለፊት ተተክሏል። እማዬ በወጣች በገባች ቁጥር ዳበስ ታደርገዋለች። ከእንግዲህ በዚያ በሚያማት እግሯ ቁልቁለት ወርዳ ከጉድጓዱ አትቀዳም። ከመለቀቁ በፊት ሕዝቡን ሰብስበው ውሃው ደህና መሆኑን የእናንተ የምርምር መሥሪያ ቤት ባለሙያ ያስረዳል ተብሏል። አንቺ ነሽ የምትመጪው ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁና እንዳታሳፍሪኝ።

እማዬ ትስምሻለች።

ወንድምሽ


ጥር 19

ለካቦው ወንድሜ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ደብዳቤውን ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ቀድጄዋለሁ። እንኳን ደስ ያለህ ብዬ ልጀምር ፈልጌ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

«ዓሣ በመስታወት ሣጥን አስቀምጣችሁ ምን ትሠራላችሁ?» ብለህ ሁልጊዜ ትቀልድብኛለህ። ዛሬ ሳትቀልድ አንብበኝ። ሁለት የመስታወት ገንዳዎች ጎን ለጎን አሉኝ። በግራው ንጹሕ ውሃ አለ። በቀኙ ከእናንተ ሐይቅ ተቀድቶ የመጣ ውሃ አለ። አረንጓዴውን አጣርቼ ስላወጣሁት ሁለቱ ለዓይን አይለያዩም። የቀረው ያ አረንጓዴ፣ አልጌው፣ ውሃው ውስጥ የተፋው መርዝ ብቻ ነው። ጥቂት ነው፣ ዓሣ አይገድልም። በሁለቱም ውስጥ ተመሳሳይ ዓሦች አሉ፤ ከላይ ደግሞ ካሜራ ሰቅያለሁ።

ከዚያ የወፍ ክንፍ የሚመስል ካርቶን በገንዳዎቹ ጥግ ላይ አሳልፋለሁ። ጥላው የሚያርፈው ጥጉ ላይ ባለው ዓሣ ላይ ብቻ ነው። በግራው ገንዳ እሱ ሲዞር ሁሉም ይዞራሉ። ጥላውን ያላየው ጎረቤቱን አይቶ ይዞራል፤ የጎረቤቱም ጎረቤት እንደዚያው። በቀኙ ገንዳ ግን ያየው ብቻውን ይሸሻል። አጠገቡ ያለው ንቅንቅ አይልም። ቀድሞውንም አብረው አይሄዱም። ተራርቀው፣ እያንዳንዱ የራሱን ቦታ ይዞ፣ ይቆማል። «የራሱን ቦታ ይዞ» ያልከው አንተ ነህ። እዚያ ቃል ላይ ስደርስ ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ።

ወንድሜ፣ ዓሦቹን ያረጋቸው የአንተ እጅ አይደለም። ቢሆን ደስ ባለኝ። የጋሽ ቆርቆሮም ክንድ አልደከመም። ወፍ ሲወርድ አንዱ ላንዱ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ስለቀረ ነው ወፎቹ የማይሄዱት።

እማዬ ከዚያ ቦኖ እንዳትጠጣ። አፍልቼ እጠጣለሁ ካለችም አይሆንም፤ ይህ መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ሰው ላይ ምን ያህል እንደሚያደርስ የእኔ ገንዳ አይነግረኝም፤ የማላውቀውን አልጽፍልህም። ግን ዓሣን እንዲህ ያደረገ ውሃ በደንብ ሳይመረመር በሰው ቧንቧ አይለቀቅም። ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም። ስብሰባው ላይ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ይህንኑ እናገራለሁ።

አትቆጣ።

እህትህ


ጥር 27

ለእህቴ፣

ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት።

ሰውን አስቆጥተሽ ስታበቂ «አትቆጣ» ትያለሽ። ይኼንን እዚያ ነው የሚያስተምሩት? ዕድሜ ልኬን በጀልባ ጫፍ ላይ ቆሜ መኖ ስበትን ጎበዝ ያለኝ ሰው አልነበረም። አሁን አንድ ቀን ጎበዝ ብባል አንቺ ከሩቅ አገር «መርዝ ነው» አልሽ። አንቺ በልጅነትሽም እንዲሁ ነበርሽ። እኔ ያበረርኩትን የወረቀት ካይት ሁሉ «ነፋሱ ነው ያበረረው» ትይ ነበር።

ደብዳቤሽን ለእማዬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና «እኔ በሸክም ስሞት ያልታያት መርዝ ውሃ በራችን ሲደርስ ነው የታያት?» አለች። ለዚህ አንቺው መልሺላት።

በሹፌሩ በኩል «ወፍ ሲወርድ የቀሩት ይሸሻሉ ወይ?» ብለሽ በቃል ለላክሽብኝ ጥያቄ፣ አዎ፣ አየሁ። ላለማየት ነበር የፈለግኩት፤ ግን ከጠየቅሽኝ በኋላ አለማየት አልችልም። ጋሽ ቆርቆሮ መረቡ ጫፍ ላይ ቆሞ ቆርቆሮውን ሲመታ ከእግሩ ሥር ያሉት ብቻ ነቃ አሉ። የቀሩት እንደቆሙ ናቸው። ወፉ ወርዶ አንዱን አንሥቶ ሄደ። አጠገቡ የነበረው ቦታውን አልለቀቀም። ተከታዩ ወፍ እሱን ወሰደው። ጋሽ ቆርቆሮ «አየህ ሰልፍ? ተራውን ጠብቆ ነው የሚበላው። ካቦነትህ እዚህ ድረስ ነው» አለኝ። አልሳቅኩም።

ከዚያ አካፋውን አነሣሁ። መኖውን እንደ ድሮው በአካፋ ዝቄ አንድ ቦታ ላይ ከመርኩት።

ውሃው አልፈላም።

ወንድምሽ


የካቲት 5

ወንድሜ፣

«የስብሰባው አዳራሽ መግቢያ ላይ እጠብቅሻለሁ» ብለህ በሹፌሩ ልከህብኛል። አትጠብቀኝ፤ አልመጣም።

ኃላፊዬ ጠርቶኝ ነበር። ያ ክራቫት የምትለው፤ ባለፈው ስትመጣ ያየኸው፣ እየተናገረ ክራቫቱን የሚያስተካክለው። ሁለቱን ገንዳዎች ባንድ ላይ የሚያሳየውን ፊልም አሳየሁት። ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አየ። ከዚያ፣

«ስንት ዓሣ ሞተ?» አለኝ።

«አንድም አልሞተም።»

«እንግዲህ።»

«እንግዲህ ምን?»

«እንግዲህ አልሞተም። ሕዝቡ ማወቅ የሚፈልገው ይህን ነው። ስለ ዓሣ ጉርብትና የሚጠይቅሽ ሰው የለም።»

«ባይጠይቁኝም እናገራለሁ።»

«ለዚህ ነው የምሄደው እኔ የሆንኩት» አለ። እየሳቀ ነው ይህን ያለኝ። ሣቁን ነው እስካሁን መዋጥ ያቃተኝ። ቢጮህብኝ ኖሮ የሠራውን ያውቀዋል እል ነበር።

አልሞተም። ይህን ቃል ስንት ነገር ያሸክሙታል። ሰው ቤቱ ገብቶ ጎረቤቱን ሳያውቅ፣ ልጁ ሲጮህ ሳይሰማ ቢቀር፣ ሐኪም ትንፋሹን ሰምቶ «አልሞተም» ብሎ ይሸኘዋል? ለዓሣ ሲሆን ግን በቂ ነው። ለእናንተ ሰፈርም በቂ ነው ማለት ነው።

ኃላፊዬ ፊልሙን ይዞት ነው የሚመጣው። በዚህ ተጽናንቻለሁ። ሁለቱ ገንዳዎች ጎን ለጎን እስከታዩ ድረስ ማንም ዓይን ያለው ሰው ያያል፤ እኔ ባልኖርም ፊልሙ ይናገራል።

ለእማዬ፣ እግርሽን ረስቼ አይደለም በልልኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ ፈልጌ አጣሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ለጊዜው እረፍት ላይ ነኝ። ረዘም ያለ ነው። ልብሴን ሁሉ አጥቤ ጨረስኩ።

እህትህ


የካቲት 16

ለእትዬ፣

እንደምን አለሽ? ቶሎ ስላልጻፍኩ ይቅርታ። ንዴቴ እስኪበርድ ብዬ ነው።

ፊልምሽን አየሁት። ግማሹን።

አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ክራቫቱ መብራት አስጠፍቶ ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር ለቀቀው። አንድ ገንዳ ብቻ ነው ያለው። ዓሦቹ ተራርቀው፣ ፀጥ ብለው ቆመዋል። «ይህ ከሐይቃችሁ የመጣ ውሃ ነው» አለ። «ከቦኖዎቹ የሚወርደውም ይኸው ውሃ ነው። እነዚህ ዓሦች ለቀናት ኖረውበታል። እዩአቸው። አይጋፉም፣ አይናከሱም፣ አንድም አልሞተም።» ሰው አጨበጨበ። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ አጨበጨበች።

እኔ መጀመሪያ አልገባኝም። እውነት ደስ የሚሉ ዓሦች ናቸው እያልኩ ነበር። የራሴን ያህል የማውቃቸው መሰለኝ። ከዚያ ጥጉ ላይ ጥላ አለፈች። አንዷ ብቻዋን ሸሸች። ያኔ ነው ግራው ገንዳ እንደሌለ ያየሁት።

ለካ ሥራ አስኪያጁ ከመድረኩ ላይ እየጠራኝ ኖሯል። «የእኛም ዓሦች እንዲሁ ናቸው፤ ካቦ፣ ተነሥና ለሕዝቡ መስክር» ይላል። ተነሣሁ።

«ሌላኛው ገንዳ የት ሄደ?» አልኩ።

«የምን ገንዳ?»

«በግራ በኩል ያለው። ንጹሕ ውሃ ያለበት።»

ክራቫቱ «እሱ ሙያዊ ጉዳይ ነው» አለ። ክራቫቱን አስተካከለ። ያንን ልማዱን አልተወም።

ፊልሙ እየተመላለሰ ይታያል። «ቆዩ፣ አሁን ጥላ ታልፋለች፣ አንዷ ብቻ ትሸሻለች» አልኩ። አለፈች። ሸሸች። «የቀሩት ለምን ቆሙ? እኔ ዓሣ አላስተማርኩም። እኔ ያልኩት ሁሉ ስህተት ነበር። ዓሦቻችን ጨዋ አልሆኑም፣ ታመዋል። በወፍ እያለቁ ነው። ወደ ቤታችን የምትለቁት ይህን ውሃ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ በጣም በለሰለሰ ድምፅ «ካቦ፣ ተቀመጥ፤ ደክሞሃል» አለኝ። ሰው ሳቀ። ከኋላ ጋሽ ቆርቆሮ ተነሣና «እኔ አልደከመኝም፤ ያለው ልክ ነው» አለ። እሱም ላይ ሳቁበት። ከዚያ መብራት በራ።

ስለ ካቦነቱ አትጠይቂኝ። ስለ ሥራውም። ጀልባ ማሰሪያው ጋ ቆሜ ዓሣውን ከሩቅ አየሁ፤ ወደ መረቦቹ የሚሄድ ጀልባ ለእኔ ቦታ የለውም ተብያለሁ።

እማዬ ምሳዬን ታቀርባለች፣ ልብሴን ታጥፋለች፣ አታናግረኝም። አንዴ ብቻ፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው፣ «ሁለት ወልጄ ሁለቱም ውሃ ከለከሉኝ» ስትል ሰማኋት።

ቦኖው በቅርቡ ይከፈታል።

ወንድምሽ


የካቲት 22

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ቆሜ አነበብኩት። እስካሁን አልተቀመጥኩም ማለት ይቻላል።

ቆረጠው። በሽታን ለማሳየት ያነሣሁትን ፊልም የጤንነት ምስክር አደረገው። ቢዋሽ ይሻለኝ ነበር፤ ውሸት ይያዛል። እሱ አንድም ቃል አልዋሸም። ውሃው ከሐይቁ ነው፤ ዓሦቹ ኖረዋል፤ አይናከሱም። ግራውን ብቻ ጣለ። የእኔን ጥላ፣ የእኔን ካርቶን፣ ወንበር ላይ ወጥቼ የሰቀልኩትን ካሜራ ይዞ ሄዶ እናቴን አስጨበጨበ።

ሙሉውን ፊልም ለውሃ መሥሪያ ቤቱና ለጋዜጣ ልኬአለሁ። ውሃ መሥሪያ ቤቱ «ደርሶናል» ብሏል። ጋዜጣው እሱንም አላለም።

«እረፍቱ መቼ ያልቃል?» ብለህ በሹፌሩ ለላክብኝ፣ እረፍት አይደለም። የላቦራቶሪውን ቁልፍ ተቀብለውኛል። አልነገርኩህም፤ አንተም ስብሰባው ላይ እንደምትነሣ አልነገርከኝም፣ እንዲያውም ራስህም አታውቅም ነበር። ቁልፉን ሳስረክብ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ነበሩ። አብረን ምሳ የምንበላ ሰዎች ነን። አንዷ ጠረጴዛዋን ትጠርጋለች፣ አንዱ ማይክሮስኮፕ ውስጥ ያያል። ማይክሮስኮፑ አልበራም ነበር። በሩን ስዘጋ እያንዳንዱ የራሱን ቦታ ይዞ ነበር።

እነሱ የእናንተን ውሃ አይጠጡም። ምን አግኝቷቸው ነው እላለሁ።

አንድ ነገር ንገረኝ። ለማጽናናት ብለህ እንዳትጨምርበት። አንተ ስትነሣ ማን ዞረ? ጋሽ ቆርቆሮን አውቄአለሁ። ሌላስ?

እህትህ


የካቲት 30

ለእትዬ፣

ለጥያቄሽ መልሱ፣ አዳራሹ ውስጥ ማንም አልዞረም። አብረውኝ መኖ የሚበትኑት ሁሉ ነበሩ። መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ግን ጥያቄሽ ስለ አዳራሹ ብቻ ከሆነ ቸኩለሻል።

ቦኖው ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ መጥቷል፣ ከውሃ መሥሪያ ቤቱም ሰዎች፣ ፎቶ አንሺም። ሰው ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፏል። ሰልፉ የእኛን አጥር ዞሮ እስከ መንገዱ ይደርሳል። ቀዳሚዋ እማዬ ናት፤ ቦኖው በራችን ላይ አይደል። ቢጫውን ጀሪካን ይዛ ወጣች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አጠገቤ ስታልፍ ቀና ብላ አላየችኝም። እኔም መንገድ ለቀቅኩላት።

ሥራ አስኪያጁ «እናት፣ የመጀመሪያዋ እርስዎ ነዎት፤ ይሳቁልን» አላት። አልሳቀችም። ጀሪካኑን ከሥር አስቀመጠች፤ ቧንቧውን ከፈተላት። ውሃው ጥርት ያለ ነው። አንቺ እንዳልሽው፣ ለዓይን ምንም የለበትም። ጀሪካኑ እስከ ግማሽ ሞላ። እሷ ውሃውን አታይም። ዞር ብላ ወደ እኔ አየች። እንደታመመ ልጅ የምታየኝ መሰለኝ። ከዚያ ጎንበስ አለችና ጀሪካኑን ደፋችው። ከደነችው። ዞረችና ወደ ጉድጓዱ ቁልቁለት ሄደች።

ከኋላዋ የነበረችው አዳራሹ ውስጥ መሬት መሬት ሲያዩ ከነበሩት ባልደረቦቼ የአንዱ ሚስት ናት። «ምነው?» ብላ አልጠየቀችም። እማዬን አየቻት፣ ዞረች። ቀጥሎ ያሉት ሽማግሌ ዞሩ። ቀጥሎ ያለችውም። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ቦኖውንም እማዬንም ማየት አይችሉም። ከፊታቸው ያለው ሲዞር ዞሩ። እትዬ፣ መንገዱ በባዶ ጀሪካን ተሞላ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን። ሥራ አስኪያጁ «ምን ሆናችሁ? ውሃ ነው እኮ» እያለ ከኋላቸው ይከተላል። ቧንቧውን የሚዘጋው ጠፍቶ ጋሽ ቆርቆሮ መጥቶ ዘጋው።

በማግሥቱ ሬዲዮው ነዋሪዎች በቴክኒክ ምክንያት በእርጋታ ወደየቤታቸው ተመለሱ አለ። በእርጋታ። ጋሽ ቆርቆሮ ሬዲዮውን አጥፍቶ «እኛንም ጨዋ አደረጉን» አለ።

ሰኞ ሰፈሩ በሙሉ ውሃ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ሙሉውን ፊልም ይዘሽ ነይ ብለዋል፤ ሁለቱንም ገንዳ። በዚህ አውቶቡስ ብትነሺ ትደርሻለሽ። መግቢያው ላይ እጠብቅሻለሁ፤ አሁን እንኳ ሌላ የምሄድበት የለኝም።

እማዬ ከጉድጓዱ ስትመለስ እግሯ አብጦ ነበር። ጀሪካኑን አስቀምጣ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ከስብሰባው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ።

«ለእህትህ ትጽፍላት የለ?» አለችኝ።

«እጽፍላታለሁ።»

«እግሯን አሟት ዞረች ብለህ እንዳትጽፍ። እግሬማ አሁን ነው ያመመኝ።»

ይኸው አልጻፍኩም።

ወንድምሽ